የአባታችን ቸርኬ

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ደውሎ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ “ወንድም ጋሼ፣ የአባባን ሞተር ላስነሳት ነው” አለኝ።

“እሷ ትነሣለች ብለህ ነው?” አልኩት።

እናታችን ቤት ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር፣ አባታችን ካረፈበት ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ሸራ ለብሳ የተኛች ሞተር ሳይክል ናት። ዶሮ ዕንቁላል ጥላባታለች፤ ድመት ወልዳባታለች። እኛ ልጆቹ ደግሞ በየዓመቱ “ይቺን ነገር አንድ እናድርጋት እንጂ” እያልን ቡናችንን ጠጥተን ወደየቤታችን ተበትነናል። መቼም የወላጅ ዕቃ እንዲህ ነው። አይጣል፣ አይሠራበት።

ስለ ሞተሯ ጥቂት ልበል። ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ትባላለች። ቢ.ኤስ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1861 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የተቋቋመ የጠብመንጃ ሠሪዎች ኩባንያ ነበር። ሞተር ሳይክል መሥራት ከጀመረ በኋላም አርማው እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠብመንጃዎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር 126 ሺህ ያህል ኤም 20ዎችን እንደሠራ ይነገራል። አንድ ሲሊንደር፣ 496 ሲሲ። ሩጫ ላይ እምብዛም ናት፤ ዳገት ላይ ግን አታሳፍርም። በቤታችን አፈ ታሪክ የእኛይቱ በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር ገብታ እዚሁ የቀረች ናት። ማስረጃ የለንም። የምናውቀው አባታችን በ1950ዎቹ ከአንድ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ እንደገዛት ነው። የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። እኔን ሳልባትዮው ላይ፣ እናታችንን ከኋላ፣ ወንድሜን እናታችን ጀርባ ላይ አዝሎ (ያዘለችው እሷ ናት፤ የሚያሽከረክረው እሱ ስለሆነ ግን ሁላችንንም ያዘለን ይመስለኝ ነበር) እሑድ እሑድ አያቶቻችን ጋ ይወስደን ነበር።

እናላችሁ፣ ወንድሜ ሞተሯን በአይሱዙ ጭኖ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ባለጋራዡ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ “ማስትሮ” ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልጥራቸው። ሙያውን በልጅነታቸው የተማሩት ከጣሊያኖች ጋራዥ ነው። ለነገሩ የጋራዣችን ቋንቋ ራሱ ጣሊያንኛ አይደል? ቸርኬው፣ ሞዞው፣ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው፣ ዳዶው፣ ከመነዳሪው፣ ጎሚስታው። ባለቤቶቹ ከሄዱ ሰማንያ ዓመት አለፈ፤ ቃላቱ ግን አማርኛ ግሥ እየተከተላቸው፣ “ኦች” እየተቀጠለባቸው ቀሩ። “ቸርኬዎቹ ተጣመሙ” ስንል የትኛው ቁራጭ ከየት እንደመጣ ማን ልብ ይላል? ይህን ሳስብ የቆየሁት ማስትሮ የፊተኛውን እግር እስኪፈቱ ነው። እንደፈቱ ዝም አሉ።

በኋላ ቁልቁል እንደተቀመጡ የመፍቻውን ጫፍ ይዘው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ክራር የሚቃኝ ሰው ነው የሚመስሉት። ደህና የተወጠረ ሽቦ ይጮኻል፤ የላላው ወይም ውስጡን ዝገት የበላው ድምፁ ድፍን ነው። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ድፍን ነበሩ። ማስትሮ ቀጥለው ጠመንጃ መፍቻ አንስተው ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ገፋ ሲያደርጉት ብረቱን በስቶ ወጣ።

“ሞዞው ደህና ነው” አሉ። “ቸርኬው ሞቷል።”

ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ። እኔም ደስ አላለኝም። ሞተር ሳይክል ላይ ከሞተሩ ይልቅ ቸርኬ ሞተ ሲባል ልብ መንካቱ ይገርማል። ግን የአባታችን እጅ በየቅዳሜው በጨርቅ የወለወለው እሱን ነበር። ወንድሜ “ብየዳ አይዘውም?” ብሎ ጠየቀ። ማስትሮ ቀና ብለው አዩት። “ልጅ አለህ?” አሉት። “ሁለት።” “ከኋላ ልትጭናቸው ነው?” ወንድሜ አልመለሰም። “እንግዲያው አይዘውም” አሉና ጉዳዩን ዘጉት።

ሌላ ቸርኬ ይገባበታል ወይ? ይገባበታል። የትኛው ነው ጣጣው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ቸርኬ ማለት ክብ ብረት ነው፣ ክብ ደግሞ ክብ ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማስትሮ ግን አስተማሩኝ። እንግሊዞቹ የዚያን ዘመን ሞዞ አብዛኛውን ጊዜ ለ40 ሽቦ ነው የሚበሱት፤ ጣሊያኖቹና ኋላ የመጡት ጃፓኖች ደግሞ ለ36። ስለዚህ መርካቶ በሽ በሽ ከሆነው ቸርኬ አብዛኛው ለእኛ ሞዞ አይሆንም። ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ አላለቀም። የቸርኬ ቀዳዳ ዝም ብሎ ቀዳዳ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሽቦው ወደሚመጣበት የሞዞ ጠርዝ ዘንበል ብሎ የተበሳ ነው። ለሌላ ሞዞ የተበሳ ቸርኬ ላይ ሽቦው አንገቱ ላይ ይጎብጣል። የጎበጠ ሽቦ ደግሞ ዛሬ ባይሆን ነገ፣ ያውም በፍጥነት ላይ፣ ይበጠሳል። በዚያ ላይ የኤም 20 የፊት ሞዞ ሁለቱ ወገኖቹ እኩል አይደሉም። የፍሬኑ ከበሮ ያለበት ወገን ሰፊ ስለሆነ ሽቦው አጠር፣ ማዶው ረዘም ማለት አለበት። ይህ ሁሉ ተለክቶ ነው አንድ እግር የሚቆመው። “ቆመ” ማለቴም ስሕተት ነው። ሽቦዎቹ እንደ ቤት ምሰሶ ከታች የሚደግፉ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁሉም በያሉበት እየሳቡ ነው የሚይዙት። መሐሉን የሚሸከመው መሳሳባቸው ነው።

መፍትሔው ከህንድ መጣ። ሮያል ኤንፊልድ የሚባለውን የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ህንዶች ማድራስ ላይ መገጣጠም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የእንግሊዙ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ግድም ሲከስም የህንዱ ቀጠለ፤ ዛሬም ይሠራል። የእነሱ ቡሌት የተባለው ሞዴል ለረጅም ዘመን በ19 ኢንች፣ ባለ 40 ቀዳዳ ቸርኬ ነው የሄደው። የእኛም 19 ኢንች ነው። ዱባይ የምትሠራ የአክስታችን ልጅ በህንዶች ሱቅ በኩል አስመጥታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛልን መጣች። ማስትሮ ሽቦውንም ልኩን በሚሊሜትር ጽፈው ሰጥተዋት ስለነበር እሱም ታዝዞ መጣ። እንግሊዝ የወለደችው፣ ህንድ ያሳደገችው ቸርኬ፣ ዱባይ በኩል መጥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ከእንግሊዝ ጦር በተረፈ ሞዞ ላይ። ማስትሮ በአራት ሽቦ ብቻ ጊዜያዊ ካሰሩት በኋላ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጎን ግማሽ ሰዓት ያህል ተመለከቱት። አንግሉ ፍጹም አልነበረም፤ ግን ሽቦውን አያጎብጥም። “ይሄዳል” አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ጽሑፍ ባልጻፍኩበት ነበር።

አሮጌውን ቸርኬ ማስትሮ ከሽቦው አላቅቀው፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ሲያገላብጡት አንድ ነገር አዩ። ጠሩን። በየቀዳዳዎቹ መሐል ትናንሽ፣ በነሐስ የተሞሉ ክብ ጠባሳዎች ነበሩ። ማስትሮ ቆጠሩ። 36። ሌላ ሰው፣ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ባለ 36 ቀዳዳ ቸርኬ (ምናልባት የጣሊያን ሞተር) አግኝቶ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በነሐስ ደፍኖ፣ በእጅ 40 አዲስ ቀዳዳ በስቶ ነው ሞዞው ላይ ያሰረው። የዛገውም ከደፈነው ሥር ነበር የጀመረው።

ወንድሜ መሬት ላይ ቁጭ አለ። “ይሄ የሷ አይደለማ!” አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት “የአባባ ቸርኬ” ብሎ ሊያለቅስበት የነበረው ብረት ለካ ራሱ ምትክ ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የግሪኮቹ ታሪክ ትዝ አለኝ። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ አቆዩት። ባለ 30 መቅዘፊያ ነበር። ሳንቃው ሲበሰብስ እየነቀሉ አዲስ ይተኩለታል። በመጨረሻ ፈላስፎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ያው መርከብ ነው፣ ገሚሱ አይደለም አለ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ይበልጥ አመሰቃቀለው። አንድ ሰው የሚወልቀውን አሮጌ ሳንቃ ሁሉ እየሰበሰበ ቢያስቀምጥና በኋላ መልሶ ቢገጣጥመው የቱ ነው የቴሴዎስ መርከብ? ብሎ ጠየቀ። ማስትሮ አሮጌውን ቸርኬ ለቆራሌው ሊሰጡት ሲሉ ተቀብያቸው ወደ ቤቴ ወስጄ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከመጻሕፍቱ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ባለቤቴ እስካሁን ይቅር አላለችኝም። ሆብስ ቢያየኝ ግን ወዳጅ ያደርገኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ አገር ይህ ጥያቄ ያን ያህል ሰው አያስጨንቅም። የአክሱም ጽዮን ሕንጻ ስንቴ ፈርሶ ተሠራ? ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሠሩት፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1950ዎቹ አጠገቡ ሌላ ታላቅ አሠሩ። “የትኛዋ ናት እውነተኛዋ ጽዮን?” ብሎ የሚጠይቅ ምእመን ግን አልገጠመኝም። ድንጋዩ ይለወጣል፤ ታቦቱ ነው ቤቱን ያ ቤት የሚያደርገው። ሞተር ሳይክል ታቦት የለውማ! የሞተር ሳይክሉ ታቦት የቱ ጋ ነው? ሞዞው? ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር? የነዳጁ ጠረን?

ከፈላስፎቹ ይልቅ የረዳኝ አንድ የእንግሊዝ ዳኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 የለማን ውድድር ያሸነፈች አንዲት ቤንትሌ ነበረች፤ “ኦልድ ነምበር ዋን” ትባላለች። ከዚያ በኋላ ተለዋወጠች። ሞተሯ ተቀየረ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ብሩክላንድስ ላይ ተገልብጣ አሽከርካሪዋ ሞተ፤ እንደገና ተሠራች፤ ሌላ ቦዲ ለበሰች። እ.ኤ.አ. በ1990 ባለቤቷ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጣት ሲስማማ ገዢዎቹ “ይቺ እሷ አይደለችም” ብለው እምቢ አሉ። ፍርድ ቤት ሄዱ። ባለሙያዎች ቀርበው ብሎን በብሎን መረመሩ። በ1929 ካሸነፈችው መኪና የተረፈው ብረት እጅግ ጥቂት ነበር። ዳኛው ኦተን ግን ለሻጩ ፈረዱ። ነባር ብረት ነው ማለታቸው አልነበረም። የመኪናዋ ሕይወት አንድም ቀን አልተቋረጠም፣ ያን ስም ይገባኛል የሚል ሌላ መኪናም የለም፣ ስለዚህ እሷ ናት፤ ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው። ማንነት በብረቱ ዕድሜ ሳይሆን ባልተቋረጠ ታሪክ።

ይህን ለወንድሜ ስነግረው ደስ አለው። ወዲያው ግን ለሌላ ነገር ተጠቀመበት።

ገዢ ነበረዋ! ሳይነግረኝ ያገኘው። ከውጭ የመጣ፣ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚሰበስብ ሰው ነው። ጥሩ ዋጋ ጠርቷል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን “ሁሉ ነገሯ ኦርጅናል ከሆነ” ነው። ወንድሜ ደግሞ ገንዘቡ በጣም ያስፈልገዋል፤ የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ምን እንደሚያደርግ የወለደ ያውቀዋል። እናም ማስትሮን “አዲሱን ቸርኬ በጨውና በሎሚ ትንሽ አዝጉልኝ፣ ያረጀ እንዲመስል” አላቸው። ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ለፊልም ሠሪዎች አድርገውት ያውቃሉ። ከዚያ አስከትሎ “ደግሞ ያቺን ምልክት አታድርጉብኝ” አለ።

ምልክቷን ላስረዳ። ማስትሮ የለወጡት ዋና ነገር ላይ ሁሉ፣ ከመደበቂያው ወገን፣ በፖንሶ ትንሽ ምልክት ይመታሉ። የስማቸው የመጀመሪያ ፊደልና ዓመተ ምሕረቱ። ቸርኬ ላይ ከሆነ የሚመቱት ከጎማው ሥር ነው። መንገደኛ አያየውም፤ ባለቤቱም አያየውም። የሚያየው ወደፊት ጎማውን የሚፈታው ሌላ ባለሙያ ብቻ ነው። “ለምን?” ስላቸው እንደ ሞኝ ጥያቄ ቆጠሩት መሰለኝ። “ነገ የሚፈታው ሰው ፋብሪካው እንደዚህ ሠራው ብሎ እንዳይሳሳት ነዋ” አሉ።

ማስትሮ የማያውቁት ነገር፣ ይህ ሐሳባቸው እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ በዓለም የቅርስ ባለሙያዎች ቻርተር ውስጥ ገብቷል። የጎደለውን ስትሞላ ከነባሩ ጋር ይስማማ፤ ግን ከነባሩ መለየት የሚቻል ይሁን ይላል ይዘቱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ወዳጆች ዓለም አቀፍ ማኅበር ይህንኑ መንፈስ ይዞ የቱሪን ቻርተር የተባለውን አጸደቀ።

ወንድሜ ተሟገተ። ክርክሩ ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ እስቲ ስሙት። “አሮጌውም ኦርጅናል አልነበረም። ስለዚህ ኦርጅናል የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ድሮውንም የለም። በሌለ ነገር እንዴት ይዋሻል? ሰውየው የሚፈልገው ያረጀ መልክ ነው፤ ያረጀ መልክ እሰጠዋለሁ። ብረቱ ደግሞ ከአሮጌው የበለጠ ጠንካራ ነው፤ አይጎዳም፣ እንዲያውም ይጠቀማል። አንተ ራስህ ያቺ ቤንትሌ እሷው ናት አላልከኝም?”

እኔ መልስ አጣሁ። መልሱን የሰጡት ማስትሮ ናቸው፤ ያውም በሌላ በኩል ዞረው። አሮጌውን ቸርኬ አንስተው በነሐስ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ “ይህን የሠራው ማን ነው?” አሉ።

“እንጃ።”

“አባታችሁ ነው?”

“ሊሆን ይችላል። እጁ ጥሩ ነበር።”

“ወይስ አርመኑ? ወይስ ቶርኖ ቤት አሠርቶት ነው?” ሁለታችንንም አዩን። “አያችሁ? ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ ደፍኖ አርባ የበሳ ሰው ቀላል ሰው አይደለም። አንዲት ፊደል ቢመታባት ኖሮ ዛሬ የአባታችን እጅ ነው ብላችሁ ትስሟት ነበር። ደበቀው። አሁን የማንም አይደለም።”

ወንድሜ ተነሥቶ ሲጋራ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ምልክቱ ተመቷል፤ ጎማውም ለብሷል። ማስትሮ ፈቃድ አልጠየቁትም። ልክ ናቸው ወይ? የሰው ንብረት ላይ ባለቤቱ አታድርጉ ያለውን ማድረግ ልክ ነው ማለት ይከብደኛል። ግን ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ደግሞ በወንድሜ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ገጣሚ፣ በድንገት አረፈ። ቤተሰቡ ደብተሮቹን ሰጥተውኝ መጽሐፍ አድርጌ አዘጋጀሁለት። ከደብተሮቹ አንዱን ምስጥ ገብቶበት ነበር፤ ከጥሩዎቹ ግጥሞቹ የአንዱን መዝጊያ ሁለት ስንኝ በልቶታል። ቤቱ መምታት የነበረበትን አውቀዋለሁ፤ ሐሳቡንም እሱ በሕይወት ሳለ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ቁጭ ብዬ ሁለቱን ስንኞች ጻፍኳቸው። ቅንፍ አላደረግሁባቸውም፤ በመግቢያውም አልጠቀስኳቸውም። ተማሪዎቼን በየዓመቱ “አርታዒ የጨመረው ይለይ፣ ቅንፍ ይግባበት” እያልኩ ያስተማርኩ ሰው! ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት አሁን ወንድሜ ከሰጠው ጋር ቃል በቃል ይመሳሰላል፦ ማንንም አይጎዳም፣ ግጥሙ ይጠቀማል፣ ቅንፍ ደግሞ መልክ ያበላሻል።

ግጥሙ ተወደደ። በየመድረኩ ይነበባል። ሰው የሚያጨበጭበው ደግሞ እዚያችው መዝጊያ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስታ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስታ ነበር። ቆይቶ ነው መጎርበጥ የጀመረው። በድሮ ብራናዎቻችን ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ያጋጥማል፤ ስናየው “ምን ዓይነት ድፍረት ነው!” እንላለን። የእኔ የተገላቢጦሽ ነው። የራሴን ፍቄ የሌላውን ስም ነው የተውኩት። ትሕትና ይመስላል። ግን የሟቹን ወዳጄን አፍ ከፍቼ የራሴን ቃል ነው የጨመርኩበት። እሱ “አይ፣ እዚህ ጋ እንዲህ አልልም” የማለት ዕድል የለውም።

ወንድሜ “ገዢው ካልጠየቀኝስ መናገር አለብኝ?” ብሎኝ ነበር። ገዢው ጠይቋል፤ “ኦርጅናል ከሆነ” ማለት ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ የእሱ ነገር ቀላል ነው። የእኔን መጽሐፍ አንባቢ ግን ማንም “ሁሉም የእሱ ናቸው?” ብሎ አልጠየቀኝም። ብዙ ጊዜ በዚህ ተጽናንቻለሁ። ሽፋኑ ላይ የወዳጄ ስም ብቻ መጻፉ ግን ሳልጠየቅ የሰጠሁት መልስ ነው። ዳኛው ኦተን ለቤንትሌዋ የፈረዱላት የተለወጠው ሁሉ ተቆጥሮ፣ ተመስክሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ነበር። ያን ሁሉ ደብቃ ብትቀርብ ኖሮ “ያልተቋረጠ ታሪክ” የሚለው መከራከሪያዋ የት ይቆማል? የለወጡትን መደበቅ ታሪኩ ውስጥ የሌለ ቀን መጨመር ነው።

ወንድሜ በመጨረሻ ለገዢው ነገረው። ማስትሮ አስገድደውት አይደለም፤ ሰውየው ጎማ አስፈትቶ የሚያይ ዓይነት መሆኑን ስለጠረጠረ ይመስለኛል። ሰውየው ዋጋውን ወደ ግማሽ ግድም አወረደው። ወንድሜ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ተወው። ልዩነቱ የአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ ይሆናል። “የእናንተ ፍልስፍና ስንት እንዳወጣኝ ታውቃለህ?” ብሎኛል፤ አውቃለሁ። የተወሰነውን እኔ ሸፍኛለሁ። ሙሉውን መሸፈን አልቻልኩም፤ እሱም ይህን አልረሳም። እውነት መናገር ዋጋ አለው ሲባል ዋጋውን የሚከፍለው ሁልጊዜ ተናጋሪው አይደለም፤ በእኛ ጉዳይ ልጆቹም ናቸው። ይህ ነገር እንዴት እንደሚታረቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ ደግሞ ለወዳጄ ልጅ ደወልኩላት። ያኔ ሕፃን ነበረች፤ አሁን ራሷ እናት ናት። “ጋሼ ደህና ነዎት?” አለችኝ። ነገሩን ነገርኳት። “የትኛው ስንኝ ነው?” አለች። አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላ “እማዬ በጣም የምትወደው እሱን ነው” አለች። እናቷ በሕይወት እስካሉ ድረስ መጽሐፉ ላይ ምንም እንዳልነካ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ቢሆንም ከእኔ ዘንድ ባለው ቅጂ ላይ ሁለቱን ስንኞች በእርሳስ ቅንፍ ውስጥ አስገብቼ፣ ስሜንና ዓመተ ምሕረቱን በኅዳጉ ጽፌያለሁ። የግጥሙን ስም እዚህ ያልጠቀስኩትም ለዚሁ ነው።

ሞተሯ ትሄዳለች። ወንድሜ እሑድ ጧት ትንሿን ልጁን ሳልባትዮው ላይ አስቀምጦ በሰፈር ውስጥ ቀስ እያለ ያዞራታል። ማስትሮ ሲያስረክቡት “አዲስ ሽቦ ይላላል፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ስትሄድ መልሰህ አምጣት፣ እንደገና ልወጥረው” ብለውት ነበር። ባለፈው ሳምንት ቆጣሪዋን አየሁ። ሦስት መቶ አልፋለች። ማስትሮ ጋ መሄድ ግን አልፈለገም፤ አኩርፏቸዋል። ዛሬ ጧትም ደውዬለታለሁ።